ከኮሌጅ ወደ ኤንኤፍኤል፦ የኳርተርባክ ዕጣ አስቀድሞ የማይታወቀው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ለዋሽንግተን ዲሲና ለአካባቢዋ የአሜሪካ ፉትቦል ተመልካቾች ክርክሩ የተዘጋ መስሎ ነበር። በቀደመው ሚያዝያ፣ የፕሮፌሽናሉ ሊግ የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ ሲመርጡ፣ ቺካጎ ቤርስ ከኮሌጅ ከሚወጡት ተጫዋቾች ሁሉ አስቀድሞ ኬሌብ ዊሊያምስን መረጠ፤ ሁለተኛው ተራ የደረሰው ዋሽንግተን ኮማንደርስ ጄይደን ዳንኤልስን ወሰደ። ሁለቱም ኳርተርባኮች፣ ማለትም ኳስ እየወረወሩ የቡድኑን ማጥቃት የሚመሩ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱም በኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን የግል ሽልማት፣ ሃይዝማንን፣ አግኝተዋል። ዳንኤልስ ባለፈው ዓመት 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈውን ቡድን በመጀመሪያ ዓመቱ ለ12 ድል አብቅቶ እስከ ኮንፈረንሱ (የሊጉ አንድ ግማሽ) ፍጻሜ አደረሰው። ዊሊያምስ ግን ኳስ እንደያዘ 68 ጊዜ ተጥሎ፣ ቡድኑም 12 ጊዜ ተሸንፎ ዓመቱን ጨረሰ። አንዱ የተሳካ፣ ሌላው የከሸፈ ምርጫ ተባለ።

ዓመት ዞሮ ጥር ሲደርስ ሚዛኑ ተገልብጦ ተገኘ። ቺካጎ በ2025 የውድድር ዘመን 11 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ዳንኤልስ በተደራራቢ ጉዳት ከ17ቱ ጨዋታዎች ከግማሽ በሚበልጡት ሳይሰለፍ ቀረ፤ ዋሽንግተንም በ5 ድልና በ12 ሽንፈት ተሰናበተ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚህ አካባቢ ጨዋታው በየቤቱ ልጆች ለወላጆቻቸው የሚያስረዱት ነገር ነው፤ ወላጅ ሊጠይቅ የሚችለውም ቀላል ጥያቄ አለ፦ ልጆቹ ያው ልጆች ከሆኑ የተለወጠው ምንድን ነው?

የኮሌጅ ኮከብ በፕሮፌሽናሉ ይሳካለት እንደሆነ የሚደረገው ክርክር በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ይነሳል። ክርክሩ ሁልጊዜ ስለ ወጣቱ ነው፦ ስለ ክንዱ፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ጠባዩ። ይህ ጽሑፍ እንደሚያሳየው ግን የጥያቄው ግማሽ የተቀባዩ ቡድን ጉዳይ ነው፤ ይህኛው ግማሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጠየቅም።

ኳርተርባክና ድራፍት

የእግር ኳስ ሰው ኳርተርባክን ከአማካይ ተጫዋች ጋር ማመሳሰል ይቀናዋል። ንጽጽሩ ሩቅ አይወስድም። በእግር ኳስ ታላቁ ተጫዋች እንኳ ኳስ ሳይነካ ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። በአሜሪካ ፉትቦል ግን ቡድኑ በሚያጠቃበት ጊዜ ሁሉ፣ ከጥቂት ልዩ አጋጣሚዎች በቀር፣ ኳሱ መጀመሪያ የሚደርሰው ኳርተርባኩ እጅ ላይ ነው። ለሯጭ ያቀብላል፣ ለተቀባይ ይወረውራል ወይም ራሱ ይሮጣል። ወርውሮ በግብ ክልል ካስያዘ ተችዳውን ይባላል፤ ኳሱን ባላጋራ ከቀለበው ኢንተርሴፕሽን፤ ሳይወረውር ተይዞ ከተጣለ ሳክ። ከፊቱ የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ከላዮች ኦፌንሲቭ ላይን ይባላሉ፤ ስማቸውን የሚያስታውስ ተመልካች ጥቂት ነው።

ድራፍት ደግሞ የኤንኤፍኤል 32 ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር በተራ የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት ነው። ተራው የሚጀምረው ባለፈው ዓመት ውጤቱ ከሁሉ ከከፋው ቡድን ነው፤ ዓላማው ደካማውን ማበርታት ነው። ተጫዋቹ አሠሪውን አይመርጥም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

ሜዳው አንድ ይመስላል

የኮሌጁም የኤንኤፍኤሉም ሜዳ ስፋት አንድ ነው፣ ከ53 ያርድ ጥቂት የሚበልጥ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል)። በመካከሉ የተሰመሩት አጫጭር ምልክቶች ግን ይለያያሉ። ሃሽ ማርክ የሚባሉት እነዚህ ሁለት ረድፎች ኳሱ ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ይወስናሉ። በኮሌጅ በመካከላቸው 40 ጫማ አለ፤ በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ። በኮሌጅ ኳሱ ወደ አንድ ዳር ሲጠጋ በሌላው በኩል ሰፊ ሜዳ ባዶ ይቀራል። ተከላካዮች ያንን ለመሸፈን ይበታተናሉ፤ ኳርተርባኩም ለመወርወር ቀላል የሆነ ክፍተት ያገኛል። በኤንኤፍኤል ኳሱ ሁልጊዜ ወደ መሐል ስለሚቀርብ ያ ባዶ ሜዳ የለም።

ሌላም አለ። ኳስ ሊወረወር ሲል ከላዮቹ ወደ ፊት መግፋት የሚፈቀድላቸው በኮሌጅ እስከ 3 ያርድ፣ በኤንኤፍኤል 1 ያርድ ነው። ትንሽ ልዩነት ትመስላለች፤ ነገር ግን ኳርተርባኩ አንድ ተከላካይን ብቻ ተመልክቶ «ልስጥ ወይስ ልወርውር» ብሎ የሚወስንበት የኮሌጆች ተወዳጅ ስልት የቆመው በእነዚያ ሁለት ያርዶች ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባላጋራው ጥራት ነው። በኮሌጅ ፉትቦል ከፍተኛው እርከን ከ130 የሚበልጡ ቡድኖች አሉ፤ በድራፍት የሚመረጡት በዓመት 257 ገደማ ተጫዋቾች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ በአብዛኛው ቅዳሜ የሚገጥማቸው ተከላካዮች ፕሮፌሽናል የማይሆኑ ናቸው። በኮሌጅ «ነጻ ተቀባይ» ማለት ተከላካዩን በሦስት እርምጃ የቀደመ ነው። በኤንኤፍኤል ነጻ የሚባለው የአንድ ክንድ ያህል የቀደመው ነው፤ የሜዳው ጠርዝ ላይ ከሆነም በኮሌጅ አንድ እግር ማሳረፍ ሲበቃው እዚህ ሁለቱንም ማሳረፍ አለበት።

አርባ ሰከንድ

የኤንኤፍኤልን ኳርተርባክ ሥራ ለመረዳት አንድን ቅጽበት ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ያለፈው ጨዋታ እንዳበቃ ሰዓቱ ከ40 ወደ ታች ይቆጥራል። የአሰልጣኙ ድምፅ በራስ ቁሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፦ የአሰላለፉ ስም፣ የከለላው ዓይነት፣ የእያንዳንዱ ተቀባይ መስመር፣ ካልሆነ ደግሞ ተለዋጩ። ኳርተርባኩ ይህን ረጅም የቃላት ድርድር ሳያዛባ ለአሥሩ ጓደኞቹ ይደግምላቸዋል። ሰዓቱ 15 ላይ ሲደርስ የአሰልጣኙ ድምፅ በደንቡ መሠረት ይቋረጣል። ከዚያ ወዲያ ብቻውን ነው።

ወደ መስመሩ ይጠጋል። ከኋላ ያሉት ሁለት ተከላካዮች ተራርቀው ቆመዋል ወይስ አንዱ እየተጠጋ ነው? ከግራ በኩል ሊወረው ያደባ አለ? ለከላዮቹ በጣቱ ያሳያል፣ ሯጩን ወደ ሌላ ጎን ያዞራል፣ ትእዛዙ ካልበጀ ይለውጣል። ያየው ሁሉ ደግሞ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ ተከላካዮቹ ኳሱ እስኪነሳ አንድ መልክ አሳይተው ሲነሳ ሌላ ይሆናሉ። ኳሱ ከተነሳ በኋላ ለመወርወር የሚኖረው ጊዜ በአማካይ ከሦስት ሰከንድ ያንሳል። ተቀባዩ ገና ጀርባውን ሰጥቶ እየሮጠ ሳለ፣ ዞሮ ወደሚደርስበት ባዶ ቦታ መወርወር አለበት። ነጻ መውጣቱን አይቶ የሚወረውር ኳርተርባክ ዘግይቷል።

በብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ከዚህ ሥራ ከፊሉን አሰልጣኙ ይሠራ ነበር። ተጫዋቾቹ ተሰልፈው ወደ ሜዳው ዳር ይዞራሉ፤ አሰልጣኙ የባላጋራውን አቋም አይቶ በምልክት ወይም በሥዕላዊ ሰሌዳ ትእዛዙን ይልካል። እንዲህ ያደገ ወጣት ሞኝ አይደለም፤ ያልተጠየቀውን አልተማረም እንጂ። ልዩነቱም እየጠበበ ነው። በከፍተኛው የኮሌጅ እርከን የራስ ቁር ሬዲዮ ከ2024 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ የኤንኤፍኤል አሰልጣኞችም በተራቸው ከኮሌጅ እየተዋሱ ነው። የዳንኤልስ የመጀመሪያ ዓመት ለዚህ ምስክር ነው። የማጥቃት አሰልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ በቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ፓትሪክ ማሆምስን ያሠለጠነ፣ ከኮሌጅ የመጣውን ፈጣን አጨዋወት የሚወድ ሰው ነው፤ ወጣቱን የለመደው ቋንቋ አናገረው። ኪንግስበሪ ከዚያ በፊት የነበረው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከኬሌብ ዊሊያምስ ጋር መሆኑ የነገሩ ቀልድ ነው።

የሚለካውና የማይለካው

ቡድኖች ይህን ሁሉ አስቀድመው ለማወቅ ያልሞከሩት ነገር የለም። ያስሮጣሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይጠይቃሉ። ቶም ብሬዲ በ2000 አርባ ያርድ የሮጠው በ5.28 ሰከንድ ነበር፤ ለዚህ ሙያ እንኳ ዘገምተኛ የሚባል ነው። በስድስተኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ሰባት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ አሸነፈ። በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚያስመልሰው የዎንደርሊክ የአእምሮ ፈተና ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቶ ከ2022 ጀምሮ ከዋናው የድራፍት ምዘና ቀረ። በ2023 ደግሞ ሲ ጄ ስትራውድ በአንድ አዲስ የአስተሳሰብ ፍጥነት ፈተና ዝቅተኛ ነጥብ አመጣ የሚል ወሬ ሾለከ፤ በዚያው ዓመት በማጥቃት በኩል ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ።

የኮሌጅ ስታቲስቲክስስ? ጆሽ አለን በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ከወረወራቸው ኳሶች ለተቀባይ የደረሱት 56 በመቶ ገደማ ነበሩ። «ማነጣጠር በትምህርት አይመጣም» የሚሉ ተንታኞች ፈረዱበት። በቡፋሎ በሦስተኛ ዓመቱ 69 በመቶ ደረሰ፤ በ2024 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ስንት ጊዜ ተሰልፎ ጀምሯል የሚለው መለኪያ የተሻለ ይመስላል። ሚቸል ትሩቢስኪም አንቶኒ ሪቻርድሰንም በኮሌጅ የጀመሩት 13 ጨዋታ ብቻ ነበር፤ በመረጧቸው ቡድኖች የታሰበውን ያህል አልሆኑም። ግን ካም ኒውተንም በኦበርን ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ብቻ ጀምሮ ነበር፤ በ2015 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኗል።

ቁጥር ራሱ ሁለት ትርጉም ሲኖረው ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በ2025 ድራፍት ከሁሉ ያነጋገረው ሺዶር ሳንደርስ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ይወሰዳል ብለው ብዙዎች የተነበዩለት የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ በአምስተኛው ዙር 144ኛ ሆኖ ወደ ክሊቭላንድ ብራውንስ ሄደ። ምክንያቱ የአባቱ፣ የቀድሞው የኤንኤፍኤል ኮከብ የዲዮን ሳንደርስ፣ ጥላ ነው፣ ከቡድኖች ጋር ያደረጋቸው ቃለ መጠይቆች ናቸው፣ ተብሎ ብዙ ተወራ። ከወሬው በታች ግን አንድ ጠንካራ ቁጥር ነበር፦ በኮሎራዶ በሁለት ዓመት 94 ጊዜ ሳክ ሆኗል። ደጋፊዎቹ «ከላዮቹ ደካማ ስለነበሩ ነው» ይላሉ። ነቃፊዎቹ «ኳሱን አለቅጥ ስለሚያቆይ ነው» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ የቁጥር ተንታኞች እንደሚሉት ግን ኳርተርባክ ጫና ሲደርስበት በየስንቱ ይጣላል የሚለው ልማድ ከሌሎቹ መለኪያዎች በተሻለ ወደ ኤንኤፍኤል አብሮ ይሻገራል፤ ምክንያቱም የሚለካው ክንድን ሳይሆን ቶሎ መወሰንን ነው። እኔም ይህኛውን ሙግት ይበልጥ አምነዋለሁ፤ ነገር ግን ፍርድ ለመስጠት እንጂ ትንቢት ለመናገር አይበቃም።

የታዛቢው ዓይንም ንጹሕ አልነበረም። ጥቁር ኳርተርባኮች «አእምሮ የሚጠይቅ ሙያ ነው» በሚል ስውር ፍርድ ለአሥርት ዓመታት ተገፍተዋል። ዋረን ሙን በ1978 በኳርተርባክነት የሚፈልገው የኤንኤፍኤል ቡድን ስላላገኘ ወደ ካናዳ ሄዶ ከኤድመንተን ጋር አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ፤ በኋላ ወደ ኤንኤፍኤል መጥቶ የዝነኞች አዳራሽ ገባ። በ2018 እንኳ ላማር ጃክሰን «ተቀባይ ቢሆን ይሻለዋል» ተብሎ ነበር፤ 32ኛ ተመርጦ ሁለት ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆኗል። የሳተው የቡድኖቹ ትንበያ ሁሉ የዕድል ጉዳይ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያስታውሳል።

ምርጡ ወደ ደካማው

ወደ ያዝናት ነጥብ እንመለስ። ድራፍቱ ምርጡን ወጣት የሚልከው ብዙ ጊዜ ወደ ከፋው ቤት ነው። ዴቪድ ካር በ2002 አንደኛ ተመርጦ አዲስ ወደተቋቋመው ሂዩስተን ሄደ፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 76 ጊዜ ተጣለ፣ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛው ነው። አሌክስ ስሚዝ በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ አንደኛ ተመርጦ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አዲስ የማጥቃት አሰልጣኝ፣ አዲስ የትእዛዝ ቋንቋ እየተቀበለ «የከሸፈ» ሲባል ኖረ። በ2011 አሰልጣኝ ጂም ሃርቦ ሲመጣ ያው ሰው ቡድኑን ለ13 ድል አበቃ። ሳም ዳርኖልድ በኒው ዮርክ ጄትስና በካሮላይና አልሆነለትም፤ በ2024 በሚኒሶታ 35 ተችዳውን ወርውሮ ከቡድኑ ጋር 14 ጨዋታ አሸነፈ። የቺካጎው ዊሊያምስም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ መሐል የማጥቃት አሰልጣኙም ዋና አሰልጣኙም ተባረሩ፤ በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ቤን ጆንሰን መጣ፣ የመሐሉ ሦስት ከላዮች ተቀየሩ፣ የሳኩ ቁጥርም ከግማሽ በታች ወረደ።

ይህን የሚቃወሙ ወገኖች ደካማ መከራከሪያ የላቸውም። «ችሎታ ያለው በየትም ይታያል» ይላሉ፤ 1998ንም ይጠቅሳሉ። በዚያ ዓመት ፔይተን ማኒንግ አንደኛ፣ ራያን ሊፍ ሁለተኛ ተመረጡ፤ ማን ይቅደም የሚለው እውነተኛ ክርክር ነበር። ሁለቱም ደካማ ቡድን ገቡ። ማኒንግ 28 ኢንተርሴፕሽን ጣለ፣ እስካሁን በአዲስ ተጫዋች ያልተደገመ ቁጥር ነው፤ ኢንዲያናፖሊስም 13 ጊዜ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ግን 13 ጊዜ አሸነፈ። ሊፍ ግን በሦስተኛ ጨዋታው ከወረወራቸው 15 ኳሶች አንዷን ብቻ፣ ለ4 ያርድ፣ አስያዘ፤ ሥራውን የጨረሰው በ14 ተችዳውንና በ36 ኢንተርሴፕሽን ነው። በ2007 አንደኛ የተመረጠው ጃማርከስ ረስልም የሚያስደንቅ ክንድ ነበረው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሊጉ ውስጥ አልነበረም።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያረጋግጡት አንድ ነገር ነው፦ የማይበቃውን ምንም ቤት አያድነውም። በማኒንግና በሊፍ መካከል ባለው ሰፊ መሐል ግን ዳርኖልዶችና ስሚዞች አሉ፤ አብዛኛው ኳርተርባክም ከእነሱ ወገን ነው። ክርክሩ የሚበላሸው ከሁለቱ ጫፎች ተነስቶ ስለ መሐሉ ሲፈርድ ነው።

የድል ቁጥርም ያሳስታል። ጥቅምት 27 ቀን 2024 በላንዶቨር ሜሪላንድ ቺካጎ 15 ለ12 እየመራ የቀሩት ጥቂት ሰከንዶች ነበሩ። ዳንኤልስ ከ12 ሰከንድ በላይ ወዲያና ወዲህ እየሸሸ ቆይቶ ኳሱን ወደ ሰማይ ወረወረ። ከግቡ ፊት ለፊት በተጨናነቁት እጆች ተነክታ የተንሸራተተችውን ኳስ ከኋላ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን ቀለባት፤ 18 ለ15። ኳሷ አንድ ስንዝር ወደ ጎን ብትነጥር ኖሮ ከሁለቱ ወጣቶች የሚወደሰው በዚያ ሳምንት ሌላኛው ነበር።

ገንዘቡ ያመጣው ችኮላ

እስከ 2010 ድረስ አንደኛ የሚመረጥ ኳርተርባክ ገና ሳይጫወት ባለጸጋ ይሆን ነበር። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ የስድስት ዓመት ውሉ 78 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያም 50 ሚሊዮኑ ዋስትና ያለው ነበር። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾቹ ማኅበር ለአዲስ ተጫዋቾች የደመወዝ እርከን ተስማሙ፤ በዚያው ዓመት አንደኛ የተመረጠው ኒውተን ለአራት ዓመት 22 ሚሊዮን ብቻ ፈረመ። በሌላ በኩል የአንድ ቡድን ጠቅላላ የደመወዝ ጣሪያ በ2025 279.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ እንደ ዳክ ፕሬስኮት ያለ ነባር ኳርተርባክ በዓመት እስከ 60 ሚሊዮን ያገኛል።

ስሌቱ ግልጽ ነው። ርካሽ ወጣት ኳርተርባክ ያለው ቡድን የተረፈውን ገንዘብ ለሌሎች ያውላል፤ ይህ ዕድል ግን አራት ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ማስቀመጥና ማስተማር እንደ ብክነት ይታያል። ኤረን ሮጀርስ ከ2005 ጀምሮ ሦስት ዓመት በብሬት ፋቭር ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ማሆምስም በ2017 የጀመረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ በቀጣዩ ዓመት 50 ተችዳውን ወረወረ። የዛሬ አዲስ መጤ ግን መስከረም ላይ ሜዳ ይገባል።

ካሮላይና የከፈለው ዋጋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2023 ብራይስ ያንግን አንደኛ ለመምረጥ ሲል ኮከብ ተቀባዩን ዲጄ ሙርንና የመጪ ዓመታት ምርጫዎቹን ለቺካጎ ሰጠ። ዋና አሰልጣኙን ከ11 ጨዋታ በኋላ አባረረ፤ ያንግንም በ2024 ሁለት ጨዋታ ብቻ ታግሶ ከሜዳ አወጣው። ጥቂት ቆይቶ መለሰው፤ ወጣቱም ተሻሻለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለቺካጎ ከተሰጡት ምርጫዎች አንዷ ደግሞ በ2024 የመጀመሪያዋ ተራ ሆና ተገኘች፤ ኬሌብ ዊሊያምስ የተመረጠው በእሷ ነው።

ከታች በኩል የሚመጣው ለውጥ ተቃራኒ ነው። የኮሌጅ ተጫዋቾች ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ስለሚችሉ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርም ስለቀለለ፣ ቶሎ ለመውጣት አይገደዱም። ዳንኤልስ በሁለት ዩኒቨርሲቲ አምስት ዓመት ቆይቶ 55 ጨዋታ ጀምሯል፤ አብሮት የተመረጠው ቦ ኒክስ 61። ከእነሱ በኋላ የሚመጡት ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ ያዩ፣ ቶሎ የሚደርሱ ይሆናሉ። ጉዳቱ ደግሞ በ24 ዓመቱ የሚመጣ ወጣት ገና ምን ያህል እንደሚያድግ ለመገመት የሚቀረው ቦታ ጠባብ መሆኑ ነው።

በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር ለተመረጠ ተጫዋች ቡድኑ የአምስተኛ ዓመት ውል ይጨምርለት እንደሆነ የሚወስነው ከሦስተኛ ዓመቱ በኋላ ነው። ለዳንኤልስና ለዊሊያምስ ያ ቀን በ2027 የጸደይ ወቅት ይመጣል። ዋሽንግተን ያኔ በእጁ የሚኖረው አንድ የሚያስደንቅ ዓመት፣ አንድ በጉዳት የተበላ ዓመትና ከሁለቱ አንዱን የሚደግም አንድ ሦስተኛ ዓመት ነው።